የጋሽ ገመቹ ማርሽ

ሰው ሚስት ሊያገባ ሲነሳ የሚጠየቀው የታወቀ ነው። ዘርህ ከወዴት ነው፣ ሃይማኖትህ ምንድነው፣ ሥራህስ? እኔ የተጠየቅሁት ማርሽ ነው። የመኪና ማርሽ እንዳይመስላችሁ፤ የመኪና ቢሆንማ መካኒክ ጠርቼ እገላገል ነበር። የቴሌቪዥን ጨዋታ ማርሽ ነው። የዛሬ ልጆች «ጆይስቲክ» ይሉታል አሉ። ያኔ ናዝሬት ውስጥ ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ እኛ «ማርሽ» አልነው፣ በዚያው ቀረ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። እኔ ያኔ ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ። ቆጣሪ አንባቢ ማለት ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ከቤት ቤት እየዞረ የመብራት ቆጣሪ አንብቦ የሚጽፍ፣ ውሻ የሚጠላው፣ ባለቤቱም ከውሻው እምብዛም የማይሻልለት ሰው ነው። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሰፈር አንዲት ቤት ነበረች። የዚያችን ቤት ቆጣሪ በወር አንዴ ማንበብ ሲገባኝ በሳምንት አንዴ ማንበብ ጀመርኩ። ቆጣሪው ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም። በር የምትከፍትልኝ ሌንሴ ነበረች።

ሌንሴ አስተማሪ ናት፣ የከሰዓት ፈረቃ። ጠዋት ጠዋት ቤት ትውላለች። ይህን ለማወቅ ያሳየሁትን ትጋት ለመንግሥት ሥራ አውዬው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ሥራ አስኪያጅ በሆንኩ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ቆጣሪ አነበብኩ። አንድ ቀን በሩን ይዛ ቆማ፣ «ይሄ ቆጣሪ ታሟል እንዴ? በየሳምንቱ እየመጣህ የምትጠይቀው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሰው ሲስቅብኝ ደስ ያለኝ በሕይወቴ የመጀመሪያው ቀን ያ ነበር። ከዚህ የበለጠ ፈቃድ አይመጣም ብዬ ሽማግሌ ልልክ ቆረጥኩ።

አባቷ ጋሽ ገመቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ያለቻቸው ሌንሴ ብቻ ናት። ከእሳቸው ጋር የተጨባበጠ ሰው ጣቶቹን ቆጥሮ ነው የሚለያቸው። አንድ የማይለቃቸው ልማድም አለ። የባቡር ሰው ጉዞ ከመጀመሩ በፊት እየዞረ ብረቱን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፤ የላላ ነገር ካለ በድምፁ ያውቀዋል። ጋሽ ገመቹ ይህን ልማድ ከነመዶሻው ወደ ቤት አምጥተውታል። ሬዲዮ ከመክፈታቸው በፊት ጀርባውን መታ መታ ያደርጋሉ። ወንበር ላይ ከመቀመጣቸው በፊት እግሮቹን ይፈትሻሉ። ሳይፈትሹ አስነስተው አያውቁም።

ከሽማግሌዎቹ ፊታውራሪው የሰፈራችን የእድር ዳኛ ጋሽ ምትኩ ነበሩ። ሽማግሌ የላከውን ልጅ ማሞገሱ ያለ ነው፤ ጋሽ ምትኩ ግን ማሞገስ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። «ልጃችን የመብራት ሰው ነው» ብለው ቢያበቁ እውነት ነበር። አላበቁም። «ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር ከእጁ አያመልጥም፤ የሞተ ሬዲዮ ሳይቀር ያስነሳል» አሉ። እኔ ግን አምፖል ስቀይር ጎረቤት የሚሰበሰብ ሰው ነኝ።

እንደ ደንቡ ቢሆን ጋሽ ገመቹ «ዘመድ ላማክርና ተመለሱ» ማለት ነበረባቸው። ሽማግሌዎቹም እንደ ደንቡ «እሺ ሳንባል አንቀመጥም» ብለው ቆመዋል። ጋሽ ገመቹ ግን ዓይናቸው በራ፤ ሽማግሌዎቹን እንደቆሙ ይዘዋቸው ወደ ሳሎኑ ጥግ ሄዱ። እዚያ አንድ ሳጥን አለ።

ሳጥኑን ላስተዋውቃችሁ። አንድ የጅቡቲ ወዳጃቸው ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም የጨዋታ ዕቃ በባቡር ልኮላቸዋል፣ ስድስት ጨዋታ በአንድ ላይ ያለው። ጋሽ ገመቹ እንደ ባቡር መንጃ ትልቅ መሣሪያ እንዲሆን ፈልገው፣ ዕቃውን በአሮጌ የሬዲዮ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቱት፤ ቴሌቪዥኑን ከላይ፣ ሁለቱን ማርሾች ከፊት ለፊት ጣውላ ላይ ገጠሙ። አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የሌንሴ። ከስድስቱ ጨዋታ የሚጫወቱት አንዱን ብቻ ነው። ሁለት ታንኮች በግድግዳ መሀል ይሳደዳሉ፤ ቀድሞ አሥር ጊዜ የመታ ያሸንፋል። ጋሽ ገመቹ ታንኩን «ባቡር» ነው የሚሉት። የእሳቸው ማርሽ ፕላስቲክ ስለነበር በመጀመሪያው ሳምንት ከነሥሩ ነቅለውታል።

«ባለሙያ ከሆነ ልክ የሆነ ማርሽ ያምጣልኝ» አሉ ለሽማግሌዎቹ። «ከዚያ በኋላ ስለ ልጅቱ እንነጋገራለን።»

ጋሽ ምትኩ በደስታ እየተፍነከነኩ መጡ። «በለው፣ አለቀልህ! ማርሽ ብቻ ነው የቀረህ» አሉኝ። እኔ የትኛው ማርሽ እንደሆነ እንኳ አልገባኝም ነበር።

ሬዲዮ የሚጠግን አንድ ወዳጅ አለኝ፣ እሱ ጋ ሮጥኩ። «ማርሽ ራሱ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም» ሲል አስረዳኝ። «ከሥሩ አራት መጫኛዎች አሉ፤ ለፊት፣ ለኋላ፣ ለግራና ለቀኝ። ማርሹ ወዳዘነበለበት ያለውን ይጫናል፣ ሽቦው ለሳጥኑ ይናገራል።» መጫኛውን ከበር ደወል ወሰድን። የቀረው እጀታውን መምረጥ ነው። ምርጫ ደግሞ ለኔ ተዉት፤ ጫማ ስመርጥ እንኳ ሁለቱም የግራ ሆኖብኝ ያውቃል።

ከአሮጌ ዕቃ ተራ አንድ የጣልያን ካሚዮን ማርሽ አገኘሁ፤ ረጅም፣ ጭንቅላቱ ጥቁር፣ በስንት ሾፌር መዳፍ የተወለወለ። ትልቅ ሰው ትልቅ ማርሽ ይወዳል ብዬ ወሰንኩ። እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ስለነበር የሄድነው ከሰዓት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እኔ መፍቻ ይዤ ከኋላ። አግቢው ራሱ ከሽማግሌ ጋር መሄዱ ነውር ነው፤ ጋሽ ምትኩ ግን «ዛሬ እንደ አግቢ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነው የምትሄደው» ብለው አጽናኑኝ። ገጠምኩት። ጋሽ ገመቹ በመዶሻ መታ መታ አድርገው ተቀመጡ፣ ያዙት። ማርሹ ደረታቸው ድረስ ይደርሳል። ወደፊት ለመግፋት ከወንበራቸው መነሳት ነበረባቸው። ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ ተቀመጡ፤ ሌንሴ በዚህ መሀል አሥር ጊዜ መታቻቸው።

«ማርሹ ነው» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ባቡር እየነዳሁ ነው ወይስ ጀልባ እየቀዘፍኩ? ሂንታኡ።»

ሂንታኡ በኦሮምኛ አይሆንም ማለት ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ ከጋሽ ገመቹ አፍ ከሰማው ይገባዋል። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ወጡ።

ሁለተኛውን አጭር አደረግሁት። ግን እጃቸውን አስቤ ማርሹን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላ ጠንካራ ይሁን አልኩና ከሽቦ አልጋዬ ላይ አንዱን ሞላ ፈታሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ቀኝ አዘንብዬ ነው የተኛሁት፤ ለፍቅር ነው ብዬ ቻልኩት። እሁድ ጋሽ ገመቹ ማርሹን ወደ ግራ ገፉት። ማርሹ እምቢ አለ። በደንብ ገፉት። ሳጥኑ ከነቴሌቪዥኑ ወደ ግራ ሄደ፤ ታንኩ ግን በቆመበት ነው። ወደ ቀኝ ሲገፉ ሳጥኑ ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ አንደኛውን ሽማግሌ እግሩ ላይ ቆመበት።

«ባቡሩ ቆሞ ጣቢያው ይሄዳል እንዴ? ማርሹ ነው» አሉ። ሂንታኡ።

ሦስተኛው የራሳቸው ምክር ነበር። «ስለቀው ለምን ይመለሳል?» ብለው ጠየቁኝ። «የባቡር መሪ ያስቀመጥክበት ይቆያል፤ ይሄ እንደ ልጅ ወዲያው ወደ ቦታው ይሮጣል።» እኔም ያሉኝን ሰምቼ ሞላውን ጭራሽ አወጣሁት። በሚቀጥለው እሁድ ማርሹን ወደፊት ገፍተው ለቀቁትና ሻያቸውን አነሱ። ታንኩ ሄዶ ሄዶ ግድግዳ ውስጥ አፍንጫውን ቀብሮ ማጓራት ጀመረ። ሌንሴ ከኋላው መጥታ ምንም ሳትቸኩል አሥር ጊዜ መታችው። ሻዩ ገና ከግማሽ አልወረደም ነበር።

«ማርሹ ነው» አሉ ጋሽ ገመቹ። ራሳቸው ያዘዙት መሆኑን ማንም አላነሳም። ጋሽ ምትኩ ወደ ቤት ስንመለስ፣ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ በሦስት እሁድ እንደዚህ ቆሜ አላውቅም፤ ከቀብር ይብሳል» ሲሉ አጉረመረሙ።

ወዳጄ ጥሩ መጫኛ ሞጆ አንድ አሮጌ ብረት የሚሸጥ ሰው ዘንድ አለ ስላለኝ ሞጆ ሄድኩ። እዚያ ጠቅ የሚሉ ትናንሽ መጫኛዎች አገኘሁ፤ እጀታም ባለ ክብ ጭንቅላት፣ ባለ ጠፍጣፋ፣ ወፍራም፣ ቀጭን፣ መምረጥ ሲያቅተኝ ሁሉንም ሰብስቤ፣ ከሽቦው ጋር አያይዤ በከረጢት ያዝኩ። አውቶቡሱ ናዝሬት መግቢያ ኬላው ላይ ቆመ። ፈታሹ ከረጢቴን ከፈተና ፊቱ ተለዋወጠ። አራት ዱላ፣ ከእያንዳንዱ የሚንጠለጠል ሽቦ፣ ሲነኩት ጠቅ የሚል ነገር።

«ምንድነው ይሄ?»

«ማርሽ ነው።»

«የምን ማርሽ?»

«የጋብቻ» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ግን እውነት ኬላ ላይ ጠቅሞኝ አያውቅም። ተሳፋሪው በሙሉ ውረድ ተባለ።

የኬላው ኃላፊ መጣ፤ ትከሻው በር የሚዘጋ ሰው ነው። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ቆጣሪውን፣ ሌንሴን፣ ካሚዮኑን፣ የአልጋዬን ሞላ ሳይቀር። ተሳፋሪው ክብ ሠርቶ ያዳምጣል። ሽንኩርት የጫነች አንዲት ሴትዮ፣ «ኧረ በእመቤቴ ልቀቁት፤ እስኪፈተሽ ልጅቱን ሌላ ይወስድበታል» አለች። ኃላፊው አራቱን ማርሽ ጠረጴዛው ላይ ደረደረና አንድ በአንድ ይዞ ሞከራቸው።

«እኔ ታንክ ነድቻለሁ» አለኝ በመጨረሻ። «የእውነቱን ታንክ። ሰውየው ማርሹን የሚይዙት እንዴት ነው?»

«በሙሉ መዳፍ።»

«ለዚህ ነው እንግዲህ። እንዲህ ያለ ዕቃ በጉልበት አይያዝም፣ በሁለት ጣት ነው። ይሄን አጭሩን፣ ክብ ጭንቅላት ያለውን ግጠምላቸው። ሞላው ለስለስ ይበል። ሲያልቅ ደግሞ አልፈህ እንዳትሄድ፣ ምን እንደሆነ ንገረኝ።» ሴትዮዋ «ተመስገን» ብላ ሽንኩርቷ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

እሁድ አጭሩን ገጠምኩና በሁለት ጣት እንዲይዙት ለመንኳቸው። ያዙት። ሰባት ጊዜ መቱ። ሌንሴ አሥር መታች። እኔ ከደስታዬ ብዛት ልጨበጭብ ነበር፣ ሰባት ተመትቶ አይታወቅማ። ጋሽ ገመቹ ግን ተነስተው የቴሌቪዥኑን ሽቦ ነቀሉት።

«ማርሹ ነው፣ ሂንታኡ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ይሄን ሳጥን አልነካውም። እናንተም ለጊዜው አትምጡ።»

ያን ሳምንት እህል አልቀምስ አለኝ። ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እግሬ ራሱ ወደዚያ ሰፈር ወሰደኝ። በሩን ለማንኳኳት አፈርኩና ከልማድ ቆጣሪውን አየሁት። ቆጣሪ ውስጥ አንዲት ክብ ብረት አለች፤ ቤት ውስጥ ምንም ካልተከፈተ ቆማ ትውላለች። እነ ሌንሴ ቤት ጠዋት አምፖል አይበራም፣ የሚያበስሉት በከሰል ነው፣ ሬዲዮው በባትሪ ነው የሚሠራው። ያች ብረት ግን እየተሽከረከረች ነው። እንግዲህ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል ማለት ነው። ያኔ ደግሞ ቴሌቪዥን ስርጭት የሚጀምረው ማታ ነው። ታዲያ ጋሽ ገመቹ በጠዋት ተቀምጠው ምን ያያሉ?

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። «ማርሹ ነው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሀፍረቴን ረስቼ አንኳኳሁ፤ ሌንሴ ስትከፍት ብረቷን በጣቴ አሳየኋት። አየቻት፣ አየችኝ፣ ሳቀች፤ ወጥታም በሩን ከኋላዋ መለስ አደረገችው።

«ብቻውን በየቀኑ ይለማመዳል» አለችኝ። «ማርሹ ምንም አልሆነም። የፊተኞቹ ይቅሩ፤ ይሄኛው ግን ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን ሂንታኡ ይሉኛል?»

«አንድ ቀን እንኳ አሸንፎኝ አያውቅም። አንዴ ካሸነፈኝ እሺ ይላል። አልነገረኝም፤ ግን አባቴ ነው፣ አውቀዋለሁ። ከሄድኩ በኋላ ከማን ጋር ይጫወታል? ተሸንፎ መቅረት አይፈልግም።»

«እንግዲያው አንድ ቀን ተሸነፊላቸው» አልኳት።

ሳቋን አቆመች። «አባቴን አላታልልም» አለች ፍርጥም ብላ። «ቢያውቅብኝ ሳጥኑን ያቃጥለዋል። ባያውቅብኝም እኔ አውቀዋለሁ።»

እዚያ ደጅ ላይ ቆሜ ፈራሁ። እስከዚያ ቀን ማርሽ ስመርጥ ነበር የባጀሁት፤ ሌንሴን ላጣት እንደምችል ያኔ ነው የገባኝ። እሷ አትሸነፍም፣ እሳቸው አያሸንፉም፣ እኔ ደግሞ ቆጣሪ እያነበብኩ ማርጀቴ ነው። ያደረግሁትን ብነግራችሁ አትፍረዱብኝ። ቅዳሜ ከሰዓት «ማርሹን ላጥብቀው» ብዬ ሄድኩ። ጋሽ ገመቹ መዶሻቸውን ሊያመጡ ወደ ጓዳ ሲገቡ፣ የሳጥኑን ጀርባ ከፍቼ የሌንሴን ማርሽ የግራ ሽቦ ነቀልኩት። ወደ ግራ መታጠፍ የማይችል ታንክ ማንንም አያሸንፍም። በሕይወቴ ያበላሸሁት የኤሌክትሪክ ዕቃ ብዙ ነው፣ አውቄ ያበላሸሁት ግን ያ ብቻ ነው። ጋሽ ገመቹ ሲመለሱ፣ «ነገ ለመጨረሻ ጊዜ ይሞክሩት» ብዬ ለመንኳቸው። መዶሻቸውን አስቀመጡና «እሺ፣ ሽማግሌዎቹም ይምጡ» አሉ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ተሰልፈው ቆሙ። ጋሽ ምትኩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «የኛ የቱ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ጋሽ ገመቹ ናቸው።»

«ልጅቱን አይደለም እንዴ የምንፈልገው?»

«እሷን ነው። ግን እንድትሸነፍ ነው የምንፈልገው።»

«አይ የዘንድሮ ጋብቻ» አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ጋሽ ገመቹ ማርሹን በሁለት ጣት ያዙ። ጨዋታው ሲጀመር እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልፎ አልፎ ስገልጠው የሌንሴ ታንክ ወደ ግራ የታጠፈ ይመስለኛል፤ ፍርሃቴ ነው ብዬ መልሼ እጨፍናለሁ። አንድ ጊዜ ጋሽ ምትኩ ክንዴን ጨምድደው «ዘጠኝ ለዘጠኝ!» አሉኝ። ከዚያ አንዲት ጥይት ጮኸች።

ስገልጥ ጋሽ ገመቹ ቆመዋል። የመታቸው ሰው ያለ ይመስል ቴሌቪዥኑን ትክ ብለው ያያሉ። አሥር ለዘጠኝ። በዚያ ቀን ማርሹን ማንም አላነሳውም፤ ሲያሸንፉ እጃቸው ነው። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ የሌንሴን ጭንቅላት ሳሙና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«በሉ ተቀመጡ» አሉ።

አምስት እሁድ የቆሙት ሽማግሌዎች መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ግን ለመቀመጥ እንደዚያ የተሽቀዳደመ ሰው አይቼ አላውቅም።

ተጋባን። የኬላው ኃላፊም እንዳዘዘኝ ሄጄ ነግሬው ሠርጌ ላይ ጨፍሯል። እሁድ እሁድ ጋሽ ገመቹ ዘንድ እየሄድን ሦስታችንም እንጫወታለን። እኔ እስካሁን ሁለቱንም አሸንፌ አላውቅም። ያች የነቀልኳት ሽቦ ግን ህሊናዬን ትበላኝ ስለነበር፣ ከሠርጋችን በኋላ የመጀመሪያው እሁድ፣ ሌንሴ ወጥ ቤት እያለች ቀስ ብዬ የሳጥኑን ጀርባ ከፈትኩት። ሽቦዋ ተገናኝታለች። ተጠማዝዛ፣ በጨርቅ ፕላስተር ተጠቅልላ፣ ጫፏ በክር ታስራ።

«እሷን እኔ ነኝ ያሰርኳት» አሉኝ ጋሽ ገመቹ ከኋላዬ። አላየኋቸውም ነበር።

«መቼ?»

«የዚያን እሁድ፣ እናንተ ሳትመጡ። ሳልፈትሽ አስነስቼ አውቃለሁ እንዴ? የሌንሴ ማርሽ የግራ ሽቦው ወልቆ አገኘሁት። ባላየው ኖሮ ያሸነፍኩት ማሸነፍ አይሆንም ነበር።» ቀና ብለው አዩኝ። «አይጥ ነው መሰለኝ።»

«አይጥ ይሆናል» አልኩ፣ ጆሮዬ እየጋለ።

ወደ ቤታችን በጋሪ ስንመለስ በልቤ ስቆጥር ነበር። ሽቦው ደህና ነበር። ማርሿ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይሄድ ነበር። አንድም ቀን ተሸንፋ የማታውቅ ሰው፣ አባቴን አላታልልም ያለች ሰው።

«ሌንሴ» አልኳት። «ያን ቀን እንዴት ተሸነፍሽ?»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወደ ፈረሱ ዞረች። ሳቋን እንደያዘች ከትከሻዋ አወቅኩ።

«ማርሹ ነው» አለችኝ።